የጨረራው ምዕራፍ ለምን አይቀርም? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የአቶም አወቃቀርና የኑክሌር ጨረራ ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ይውጣ የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በመምህራንና በወላጆች ዘንድ በሰፊው ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጅማ ውስጥ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝና ከብዙ አቅጣጫ ደርሶኛል። ከላኩልኝ ብዙዎቹ ሐሳቡን ደግፈውታል። አንድ የተማሪዬ አባት ደግሞ «መምህር፣ እውነት ከሆነ ልጆቹን ለምን ታደክሟቸዋላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በወጉ ሊመለስ ይገባዋል።

ጸሐፊው ያሉትን እንዳላጣምም በቅድሚያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ኢትዮጵያ የኑክሌር ማመንጫ ስለሌላት ትምህርቱ ለቡና ገበሬ ልጅ የሚፈይድለት ነገር የለም ይላሉ። አቶም በዓይን አይታይም፣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችንም በቅጡ የሚሠራ ቤተ ሙከራ የላቸውም፤ ስለዚህ ተማሪው የሚሸመድደው እንጂ የሚረዳው ነገር የለም ባይ ናቸው። ቀጥለውም፣ ኤሌክትሮኖች እንደ ፕላኔት የሚዞሩበት የአቶም ሥዕል ሳይንቲስቶች ራሳቸው የተዉት ስለሆነ ልጆቻችንን ስሕተት እያስተማርን ነው ይላሉ። ስለ ጨረራ ደግሞ፣ ጨረር ሁሉ ያው ጨረር ነውና «ራቁ» የሚል አንድ ማስጠንቀቂያ ይበቃል፤ ራጅ የተነሳ ሰው እንኳ ጨረሩን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ የስልክ ማማም ከዚያ አይለይም የሚል ክርክር ያቀርባሉ። በመጨረሻም በዚህ ምዕራፍ የሚያልፈው ጊዜ ለመካኒክስና ለኤሌክትሪክ ቢውል ይሻላል ብለው ይደመድማሉ።

ጽሑፉ ለተማሪው ከማሰብ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ስለ ሽምደዳ ካሉት ውስጥም የምስማማበት ብዙ ነው። ድምዳሜው ላይ ግን አልስማማም፤ ምክንያቶቼን በተራ አቀርባለሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ ያለ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አለመኖሩ እውነት ነው። ከዚያ ተነስቶ ግን ጨረራ እኛን አይመለከትም ማለት አያስኬድም። ጸሐፊው የቡና ገበሬን ልጅ በምሳሌነት ስላነሱ እኔም ከቡናው ልጀምር። ቡና ፖታሲየም በብዛት አለው፤ ከደረቅ ፍሬው ክብደት ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ፖታሲየም ነው። በተፈጥሮ ከሚገኝ ፖታሲየም ውስጥ 0.0117 በመቶው ፖታሲየም-40 የተባለው ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ ነው፤ ይህም በራሱ ጊዜ እየፈረሰ ጨረር የሚለቅ የፖታሲየም ዓይነት ማለት ነው። መጠኑ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ ነገር ግን በ1 ግራም ፖታሲየም ውስጥ በየሰከንዱ 31 ያህል አቶሞች ይፈርሳሉ። በሌላ አነጋገር፣ ልጁ ከአባቱ ጋር ለገበያ በሚያደርሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ቡና ውስጥ በየሰከንዱ 500 ገደማ አቶሞች ጨረር እየለቀቁ ይፈርሳሉ። በራሱ በልጁ አካል ውስጥም እንዲሁ ነው፤ በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ከፖታሲየም ብቻ በሰከንድ ከ4,000 በላይ አቶሞች ይፈርሳሉ። ይህ ማንንም አይጎዳም፣ የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። ቡናችን አደገኛ ነው ማለቴም እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ማለት የፈለግሁት፣ ጨረራን ሩቅ አገር ያለ የማመንጫ ጉዳይ አድርጎ ማየት ከመነሻው ስሕተት መሆኑን ነው።

ከዚሁ ከከተማችን ሳንወጣ ወደ ሕክምናው እንሂድ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የካንሰር ሕሙማን በጨረር ይታከማሉ። ከዚያ በፊት አገሪቱ ለረጅም ጊዜ የተማመነችው በአዲስ አበባው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነበረው የኮባልት-60 ማሽን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ምዕራፉ ምን እንደሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ካሉት አቶሞች ግማሾቹ የሚፈርሱበት ጊዜ፣ 5.27 ዓመት ነው። ማሽኑ አዲስ ምንጭ ሲገጠምለት አንድ ሕመምተኛ የሚያስፈልገውን መጠን ለማግኘት 2 ደቂቃ ቢተኛ፣ ከ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በኋላ ያንኑ መጠን ለማግኘት 4 ደቂቃ መተኛት አለበት። ከሌላ 5 ዓመት ከ3 ወር በኋላ 8 ደቂቃ ይሆናል። ማሽኑ ሳይበላሽ፣ ማንም ምንም ሳያጠፋ፣ በቀን የሚያክማቸው ሰዎች ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል ማለት ነው። ወረፋው ለምን እንደሚረዝም፣ ምንጩ በየጊዜው ለምን እንደሚቀየር፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ በየጊዜው ምን እንደሚያሰላ የሚያስረዳው ይኸው «አይጠቅምም» የተባለው ምዕራፍ ነው። እነዚህን ባለሙያዎች ከየት እናመጣለን? ከሌላ ቦታ አይመጡም፤ ዛሬ እኛ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች መሐል ነው የሚወጡት።

ከብት ያለው ገበሬ ደግሞ ገንዲን ያውቀዋል። በጊቤ ሸለቆ በኩል የሄደ ሰው በሽታው በሬ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይቷል፤ አስተላላፊዋም የቆላ ዝንብ ወይም ፄፄ የምንላት ናት። ይህችን ዝንብ ለማጥፋት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ወንዶቹን በማራቢያ ውስጥ አብዝቶ፣ በጋማ ጨረር አምክኖ ወደ ዱር መልቀቅ ነው። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ ከወንድ ጋር አንዴ ብቻ ስለምትገናኝ፣ መካን ወንድ ካገኛት ትውልዱ እዚያው ላይ ያበቃል። ዛንዚባር ውስጥ የኡንጉጃ ደሴት በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 ከፄፄ ነጻ ሆናለች። በእኛም አገር ቃሊቲ ላይ ማራቢያ ተቋቁሞ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሲሠራበት ቆይቷል። የቡና ገበሬው ልጅ አባት በሬም አላቸውና ነገሩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ስለ ሉሲም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሀዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት ልጆቻችን ከታች ክፍል ጀምሮ በቃላቸው ይሉታል። ማን ቆጠረው? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሲነሳ ግን መልሱ ያለው በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ ነው። የፖታሲየም-40 ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ሲሆን፣ ከፊሉ ሲፈርስ አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ቀልጦ በሚወጣው ዐለት ውስጥ የነበረው አርጎን ያመልጣል፤ ዐለቱ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚፈጠረው ግን እዚያው ታግዶ ይቀራል። ስለዚህ አጥንቱ በተገኘበት ቦታ ከላይና ከታች ባሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ውስጥ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ ጊዜው ይታወቃል። በኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የጥንት ሰዎች አጽሞችም ዕድሜያቸው የተሰላው እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 195,000 ዓመት ገደማ ተብሎ የነበረው፣ በ2022 በታተመ ጥናት ቢያንስ 230,000 ገደማ እንደሆነ ተገምቷል። የእኛው ግልገል ጊቤ ውኃ የሚወርደው ወደዚያው ወደ ኦሞ ነው። የራሳችንን አገር ታሪክ የምንቆጥርበትን ሰዓት ለልጆቻችን አናስተምር ማለት ለእኔ ፈጽሞ የሚዋጥ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ሽምደዳው ላይ፣ ጸሐፊው ከሚያስቡት በላይ እስማማለሁ። ቁልፉ የጠፋ ቤተ ሙከራ አይቻለሁ። ተማሪው የጨረር ዓይነቶቹን «አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ» ብሎ በቃሉ ወጥቶ፣ የትኛው በወረቀት እንደሚቆም የትኛው እርሳስ ብረት እንደሚፈልግ ከደብተሩ ገልብጦ፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቅ ፈተናውን የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ግን የአቶም ችግር አይደለም። በቃል የተጠና የኒውተን ሕግም ያው በቃል የተጠና ነው፤ ሽምደዳን ምክንያት አድርገን ምዕራፍ ማውጣት ከጀመርን የሚተርፍ ምዕራፍ አይኖርም።

አቶም አይታይምና ተማሪው መምህሩን ማመን ብቻ ነው ያለበት የሚለውንም ቢሆን አልቀበልም። የአቶምን እምብርት፣ ኒውክለስን፣ ያገኙት ሰዎችም በዓይናቸው አላዩትም። ጋይገርና ማርስደን እ.ኤ.አ. በ1909 በፊዚክስ ሊቁ በራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ የአልፋ ቅንጣቶችን በስሱ የብረት ቅጠሎች ላይ ሲተኩሱ አብዛኞቹ ምንም እንዳላገኛቸው አልፈው ሄዱ። በፕላቲኒየም ላይ ግን ከ8,000 አንዷ ገደማ ወደ ኋላ ተመለሰች። የአቶሙ ክብደትና ፖዘቲቭ ቻርጅ በአቶሙ ውስጥ ሁሉ ተሰራጭቶ ቢሆን ኖሮ አንዲትም መመለስ አልነበረባትም። ራዘርፎርድ ይህን ይዞ አሰላና በ1911 ክብደቱ ሁሉ ማለት ይቻላል መሐል ላይ በአንዲት እጅግ ጠባብ ቦታ ታጭቋል ብሎ ደመደመ። ምን ያህል ጠባብ? የጅማ ስታዲየም ሜዳ አቶም ቢሆን ኒውክለሱ መሐል ላይ የተቀመጠች አንዲት የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ተማሪ ይህን ሲማር የሚለምደው ማመንን ሳይሆን ካየው ነገር ተነስቶ ስላላየው ነገር ማሰብን ነው። ሐኪም፣ መካኒክ፣ መርማሪ፣ ዳኛ የሚሠሩበት አስተሳሰብ ይኸው ነው።

ማሳየትም ይቻላል። ቡታጋዝ ላይ የተጣደ ሽሮ ገንፍሎ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል ድንገት ቢጫ ሲሆን ያላየ ተማሪ ካለ ጥቂት ነው። ያ ቢጫ የጨው ሶዲየም ነው፤ ሶዲየም ሲሞቅ የሚለቀው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ ጨው የትም አገር ቢነድ ያው ነው። ለምን ሁልጊዜ ቢጫ? ለምን አንዳንዴ አረንጓዴ አይሆንም? ኤሌክትሮኑ በአቶሙ ውስጥ በፈለገው ደረጃ ላይ መቀመጥ ስለማይችል፣ ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው ሲወርድ የሚለቀው ኢነርጂ የተወሰነ ስለሆነ ነው። የተጣለ ሲዲ ይዛችሁ ረጅሙን የፍሎረሰንት አምፖል በሲዲው ገጽ ላይ ብታዩት ደግሞ ቀለማቱ ተነጣጥለው ታያላችሁ፤ በተለይ አምፖሉ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ አረንጓዴና ሰማያዊ ለብቻቸው ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። አሮጌውን ባለ ሽቦ አምፖል በዚያው ሲዲ ስታዩት ግን ቀለማቱ ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ። (በዚህ መንገድ ፀሐይን ለማየት መሞከር ግን ዓይን ስለሚጎዳ ክልክል ነው።) ይህን ለማድረግ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ያለፈ አይፈጅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ግማሽ ዕድሜን ለማስተማርማ ጅማ ውስጥ ምን ይጠፋል? 200 ጥሬ ቡና ቆጥራችሁ ሰፌድ ላይ አድርጉ። የቡና ፍሬ አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ሰፌዱን ነቅነቅ አድርጋችሁ ፍሬዎቹን አንዴ ገልብጡና ጠፍጣፋ ጎናቸው ወደ ላይ የሆኑትን እንደ «ፈራረሱ» ቆጥራችሁ አውጧቸው። የቀሩትን ጻፉ፣ እንደገና ገልብጡ፣ አውጡ፣ ጻፉ። ልጆቹ ሁለት ነገር ያያሉ። አንደኛ፣ የትኛዋ ፍሬ በሚቀጥለው ዙር እንደምትወጣ ማንም ሊናገር አይችልም፤ አራት ዙር የቆየች ፍሬ «አርጅታለች» ተብላ ቶሎ አትወጣም። ሁለተኛ፣ በአንድነት ሲታዩ ግን በየዙሩ ከቀሩት ላይ የሚወጣው ክፍልፋይ ተቀራራቢ ነው። ክፍልፋዩ ልክ ግማሽ ላይሆን ይችላል፣ ፍሬው ስንት ጊዜ በጠፍጣፋው እንደሚወድቅ የሚያገኙት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። ግራፉን ሲስሉት ቁልቁል ወርዶ እየተለጠጠ የሚሄደው መስመር ይወጣል። ኋላ ክፍል ተቀምጦ የሚያንቀላፋው ልጅ ሳይቀር ለመቁጠር ሲሻማ አይቻለሁ። ቡናውም ሲያበቃ ወደ ቤት ይመለሳል።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ላልፈው። ኤሌክትሮን እንደ ፕላኔት የሚዞርበት ሥዕል የመጨረሻው እውነት አለመሆኑ ትክክል ነው፤ መጨረሻው እንደሆነ አድርገን የምናስተምር መምህራንም አለን፣ ይህ መታረም አለበት። ነገር ግን ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቦር እ.ኤ.አ. በ1913 ያቀረበው ሐሳብ የሃይድሮጅንን ቀለማት በቁጥር በትክክል ይሰጣል፤ ቀዩ 656፣ ሰማያዊ አረንጓዴው 486 ናኖሜትር ላይ ይወጣል፣ ሲለካም እዚያው ነው። ሁለት ኤሌክትሮን ወዳለው ሂሊየም ስንሄድ ደግሞ ይከሽፋል። የት እንደሚሠራና የት እንደሚከሽፍ አብሮ የተነገረው ሞዴል ስሕተት አይባልም። መሬት ክብ ሆና ሳለች የከተማ ካርታ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ እንሥላለን፤ ይህን ውሸት የሚለው የለም።

አራተኛው ነጥብ በጣም ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ምዕራፉ አያስፈልግም ለማለት ያቀረቡት ማስረጃ ራሱ ምዕራፉ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ጨረር ሁሉ አንድ አይደለም። ከስልክ ማማ የሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ፎቶን (ጨረር ኢነርጂውን በሚያደርስበት ትንሿ ጥቅል) የሚይዘው ኢነርጂ፣ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ለማላቀቅ ከሚያስፈልገው ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል። ጋማ ግን ኤሌክትሮን ያላቅቃል፣ በሴል ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ይሰብራል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። በርግጥ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ ኖሮ የምቀበለው ነበር። ከዚያ ተነስቶ ማማን ከራጅ ጋር እኩል ማድረግ ግን ከማስረጃው የሚመጣ አይደለም።

ራጅ የተነሳ ሰው ጨረሩን ይዞ ይወጣል የሚለው ደግሞ ስሕተት ነው፤ ሰውን የሚጎዳ ስሕተትም ነው። የራጅ መሣሪያ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጨረሩም ያኔውኑ ይቋረጣል፤ በሰውየው ውስጥ አልፎ ሄዷል፣ የቀረ ነገር የለም። ሰውነት የሚቀበለው ጨረር የሚለካው በሚሊሲቨርት ነው፤ ከአንድ የደረት ራጅ የሚገኘው 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። አንድ ሰው ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል፤ ስለዚህ የደረት ራጅ ማለት የሁለት ሳምንት የተፈጥሮ ጨረር ማለት ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ሊደርስ ስለሚችል ያለ ምክንያት ባይደጋገም ጥሩ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ራጅ ከመነሳቷ በፊት መናገር ያለባትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ሐቅ ለጸሐፊው ልስጥ፤ ለታይሮይድ ሕክምና አዮዲን-131 የዋጠ ሕመምተኛ ለተወሰኑ ቀናት በርግጥም ጨረር ይዞ ይቆያል፣ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች እንዲርቅም ይመከራል። የአዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው። የጨረር ምንጭ ከውጭ ሆኖ ሰውነት ውስጥ ማለፍና ምንጩ ራሱ ሰውነት ውስጥ መግባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ራቁ» የሚለው አንድ መስመር ይህን ልዩነት ሊያስተምር አይችልም። ተማሪዎቼ ራጅ ከተነሳ ሰው አጠገብ መተኛት ይቻል እንደሆነ ሲጠይቁኝ ፊታቸው ላይ የማየው የእውነት ፍርሃት ነው። ቤት ውስጥ ካንሰሯን በጨረር የምትታከም እናት ያለችው ልጅ ያንን ፍርሃት ይዛ እናቷን ብትሸሽስ?

ጸሐፊው እግረ መንገዳቸውን ሲሲየም-137 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ስለሆነ በ60 ዓመት ያልቃል ብለዋል። አያልቅም። በ30 ዓመት ግማሹ ይቀራል፣ በ60 ዓመት ሩቡ፣ በ90 ዓመት ስምንተኛው። ወደ አንድ ሺህኛ ለመውረድ 300 ዓመት ያስፈልገዋል። ሰፌድ ላይ ቡና ያወጣ ልጅ እዚህ ላይ አይሳሳትም።

ይህ ሲሲየም ባለማወቅ ሲነካ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ በምትባል ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ አንድ የብረት መሣሪያ ነቅለው ወሰዱ። ለብረት ሸጡት። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ሲከፍተው በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት አገኘ። አምሮት ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለወዳጅ አካፈለ። ሰዎች ቆዳቸው ላይ ቀቡት። ማስታወክና ተቅማጥ ሲጀምራቸው የበሉት ነገር መስሏቸው ነበር። የነጋዴው ሚስት ግን ሕመሙ ከዱቄቱ ጋር እንደተያያዘ ጠረጠረችና ዕቃውን በአውቶቡስ ይዛ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው፤ ከዚያ በኋላ ነው በመሣሪያ ተለክቶ ምንነቱ የታወቀው። ከ112,000 የሚበልጡ ሰዎች ተመረመሩ፣ 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ፣ 4 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዷ ያቺው ሴት ናት፣ ሌላዋ የ6 ዓመት ሕፃን ናት።

የእኛንም ሰፈር አስቡት። ቆራሌው በየበሩ እየዞረ ያረጀ ብረት ይሰበስባል፤ የሰበሰበው እዚሁ ጅማ በሂርማታ ገበያ በኩል ተከምሮ ይሸጣል፣ ይቆረጣል፣ ይቀልጣል። ብዙውን ጊዜ ይህን ሥራ የሚሠሩት ትምህርታቸውን ያቋረጡ ወጣቶች ናቸው። በከባድ እርሳስ ብረት የተሸፈነ፣ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት የተለጠፈበት ዕቃ እጃቸው ቢገባ ምን ያደርጋሉ? ያ ምልክት በራሱ ለማንም ምንም አይነግርም፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ይህን ስለተረዳ እ.ኤ.አ. በ2007 የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ተጨማሪ ቀይ ምልክት እንዲወጣ አድርጓል። ልጆቹ ምልክቱን የሚያውቁት አንድ መምህር ሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ ይህን ያየ አይንካ፣ አይክፈት፣ ራቅ ብሎ ለሚመለከተው ይናገር ሲላቸው ነው። ምዕራፉን ካወጣነው ማን ይነግራቸዋል?

የጊዜው ጉዳይ ይቀራል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከእኔ ጋር አይጣሉም። ምዕራፉ የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለተቀመጠ በብዙ ትምህርት ቤት ዓመቱ ሳይደርስበት ያልቃል፤ ከተደረሰበትም ለፈተና ተብሎ በሁለት ቀን ይታለፋል። ኬሚስትሪ ላይ የአቶም አወቃቀር ስለሚነሳ ድግግሞሽ አለ የሚለውም ከፊል እውነት አለው። ኬሚስትሪ ግን የሚያተኩረው ኤሌክትሮኖቹ ላይ ነው፤ ኒውክለሱ ለምን እንደሚፈርስ የሚያስተምረው ፊዚክስ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ስለ ማውጣት ከሚሆን ስለ መከርከም ቢሆን ደስ ይለኛል። ረጃጅሙን የባይንዲንግ ኢነርጂ (ኒውክለሱን አንድ ላይ የሚይዘው ኢነርጂ) ስሌት ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡት እንተወው። የሪአክተር ዓይነቶችን ስም ዝርዝርም መሸምደድ ይቅር። የሚቀረው በሚከተለው መልኩ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፦ አንዱ ለራዘርፎርድ፣ አንዱ ለሲዲውና ለቦር፣ አንዱ ለአልፋ፣ ቤታና ጋማ፣ አንዱ ለቡናውና ለግማሽ ዕድሜ፣ አንዱ ሆስፒታል ውስጥ ስላለው ጨረር፣ አንዱ ስለ ምልክቱና ስለ ጥንቃቄ። ከመጽሐፉ ጫፍም ተነስቶ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውስጥ ቢገባ ሳይደረስበት የሚቀርበት ምክንያት አይኖርም። የእኔን ዕቅድ ለሚፈልግ መምህር ሁሉ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ ጸሐፊውም አንድ ቀን ጅማ ብቅ ካሉ ክፍሌ ገብተው ከልጆቹ ጋር ሰፌዱን እንዲይዙ በአክብሮት እጋብዛቸዋለሁ።